ሲስተር ያልጠየቁኝ ጥያቄ

የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ውስጥ ጉሮሮውን ያልታመመ ሰው ካለ፣ ከቤቱ ያልወጣ ሰው ነው። ከከተራ ጀምሮ ሦስት ቀን ሙሉ ይጮሃል፣ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። አቧራው አለ። የጥር ብርድ አለ። ሲያልቅ ከተማው በሙሉ ድምፁ ይዘጋል። ባለሱቁም፣ ባለ ባጃጁም፣ ዲያቆኑም የሚያወሩት እንደሚንጣጣ አሮጌ በር ነው። በዚህ ምክንያት ግን ማንም ሐኪም ቤት አይሄድም። ዝንጅብል በሻይ ጠጥቶ ይተወዋል።

እኔ ግን ያን ዓመት ጉሮሮዬን ሲከረክረኝ እንቅልፍ አጣሁ። የቃና ዘገሊላ ማታ ከአንዲት ልጅ ጋር ተሳስሜ ነበር።

ነገሩ ረጅም አይደለም። ከጓደኞቼ ጋር አዝማሪ ቤት ገባን። አጠገባችን ከነጓደኞቿ የተቀመጠች ልጅ ነበረች። አዝማሪው ግጥም ሲወረውርባት አታፍርም፤ ተቀብላ የባሰውን ትመልስለታለች። ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም እንደምንም ብዬ ወንበሬን አስጠጋሁ። እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ማራኪ ያለችው ቤቴ ውስጥ ነበርን። ተሳሳምን፣ ተቃቀፍን፣ ተሻሸን። ከዚያ በላይ አልሄድንም። ኮንዶም አልነበረኝም። «ከሌለህ ይቅር» ያለችው እሷ ናት። ቅር አላለኝም። ሻይ አፈላሁ፣ ስለ አዝማሪው እያወራን ሳቅን፣ ባጃጅ ጠርቼ ሸኘኋት።

በማግስቱ ጠዋት ትዝ ያለኝ ከንፈሯ ነው። ጥጉ ላይ፣ ቀለሙ በለቀቀበት በኩል፣ የደረቀች ትንሽ ቁስል ነበረች። ሻዩን ስትጠጣ ብርጭቆው እንዳይነካት አፏን ወደ ሌላው ጎን ዘወር ታደርግ ነበር። ይህን አይቻለሁ። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም። ጠዋት ላይ ጭንቅላቴ የራሱን ሒሳብ ጀመረ። ቁስል ካለ ደም አለ። ደም ካለ ደግሞ... አረፍተ ነገሩን አልጨረስኩትም። እኔ ባደግኩበት ዘመን ያደገ ሰው መጨረስ አያስፈልገውም።

አንገት መዳበስ

መጀመሪያ ጉሮሮዬ ነው። ቀጥሎ ድካም መጣ። ቀጥሎ ከመንጋጋዬ ሥር ስትነካ የምትንሸራተት ዕጢ አገኘሁ። በሁለት ጣቴ እየያዝኩ እለካታለሁ። ቢሮ ውስጥ እለካታለሁ፣ ታክሲ ውስጥ እለካታለሁ፣ አለቃዬ እያወራ እለካታለሁ። ሲመሽ ቦታው ያብጣል። ያብጣላ! ቀኑን ሙሉ ሲጨመቅ የዋለ ሥጋ ምን ይሁን? እኔ ግን ማበጡን እንደ አዲስ ምልክት ቆጠርኩት።

ስልኬ ላይ ያነበብኩት ዝርዝር አለ። ኤች አይ ቪ ሰውነት ውስጥ ከገባ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ አንዳንድ ሰው ላይ ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የዕጢ ማበጥ፣ ሽፍታና ድካም ይታያል ይላል። እውነት ነው። ግን የጥምቀት ማግስት ፒያሳ ቆማችሁ ይህን ዝርዝር ለአላፊ አግዳሚው ብታነቡለት፣ ግማሹ ሰው «እኔም አለብኝ» ይላል። ደግሞም የእኔ ጉሮሮ የጀመረው በማግስቱ ነው። ሁለት ሳምንት የተባለውን እንኳን አልጠበቀም። እሱም አላረጋጋኝም።

የሚያስቀው፣ የማላውቀው ነገር አልነበረም። ሁለተኛ ደረጃ ስማር የፀረ ኤድስ ክበብ አባል ነበርኩ። ጠዋት ሰልፍ ላይ «ኤች አይ ቪ በመጨባበጥ፣ በመሳሳም፣ አብሮ በመብላት፣ በወባ ትንኝ ንክሻ አይተላለፍም» ብዬ በማይክ ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ምራቅ ቫይረሱን አያስተላልፍም። የሚያስተላልፉት ደም፣ የዘር ፈሳሽ፣ የብልትና የፊንጢጣ ፈሳሽ፣ የጡት ወተት ናቸው። በመሳሳም ተላለፈ የተባለው የሁለቱም ሰዎች አፍ እየደማ ነው፤ እሱም እጅግ በጣም ጥቂት ጊዜ ነው። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እያወቅኩ ዕጢዬን እዳብሳለሁ።

ይሄ እንግዲህ የእውቀት ጉዳይ አይደለም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ለቅሶ የማይጠፋበት ዘመን ነበር። ወጣት ሰው ይከሳል፣ ይከሳል፣ ከዚያ ድንኳን ይተከላል። ምን ነካው ሲባል «ሳንባ ነው» ይባላል። ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ጀርባው ላይ አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ካለ ሰፈሩ ሳይመረመር ይፈርድበታል። አልማዝ ባለጭራ ግን በልጅነቱ ጉድፍ ወጥቶበት የሚያውቅ ማንኛውም ሰው ላይ ሊወጣ ይችላል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በኋላ ድንኳኑ እየቀነሰ ሄደ። ዛሬ መድኃኒቱን በወቅቱ የጀመረ ሰው እንደማንኛውም ሰው ይኖራል፣ ያረጃል። ልባችን ግን ይህን ዜና ገና አልሰማም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። የእኛ ዕድሜ ሰው እባቡን ያየው በልጅነቱ ነው።

ሌሊት ሌሊት ቁጥር ውስጥ እገባለሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ባሉ ኢትዮጵያውያን ዘንድ የቫይረሱ ስርጭት 0.9 በመቶ፣ በከተማ 2.9 በመቶ መሆኑን አሳይቷል። ወንዱ ያለ ኮንዶም ግንኙነት ቢያደርግ፣ ሴቷ ቫይረሱ ያለባትና መድኃኒት የማትወስድ ብትሆን እንኳን፣ በተለመደው የብልት ግንኙነት ወደ እሱ የሚተላለፈው በአማካይ ከ10,000 ግንኙነት በ4ቱ ነው። ከወንድ ወደ ሴት ሲሆን 8 ነው። ይህ አማካይ ነው። ሌላ የአባላዘር በሽታ ወይም ቁስል ካለ ከፍ ይላል፤ በዚህ ቁጥር ተማምኖ ኮንዶም የሚተው ሰው ተሳስቷል። እኔ ግን ግንኙነቱንም አላደረግኩም። በየትኛውም በኩል ባባዛው የሚመጣው ዜሮ ነው። ዜሮውን እያየሁ ይነጋል።

በመሃል አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ዋናውን ነገር አፌ እምቢ አለኝና «ጉሮሮዬን ነው» አልኩ። ደም፣ ሽንትና ሰገራ ወሰዱ። «ታይፎይድና ታይፈስ» ተባልኩ። በሀገራችን ይህን ሁለት ስም ሳይዝ ከክሊኒክ የወጣ ሰው ብርቅ ነው። የታይፎይዱ የደም ምርመራ ድሮ ታሞ የዳነ ሰው ላይም እንዳለበት ሊያሳይ እንደሚችል አንብቤያለሁ። ግን እመኑኝ፣ ታይፎይድ ነው ሲሉኝ ደስ አለኝ። ሰው በታይፎይድ ደስ ሲለው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ደስታው መድኃኒቱን ገዝቼ ቤት እስክደርስ ቆየ።

ከዚያ በፊትስ?

በመጨረሻ ከሰፈሬ ራቅ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ጎንደር ትልቅ ከተማ ነው ይባላል። ካርድ ክፍል ተሰልፋችሁ ስትቆሙ ግን ከተማው አንድ ግቢ ይሆናል። የእናቴ ማኅበርተኛ የልጅ ልጃቸውን ሊያስከትቡ መጥተው አገኙኝ።

«ምነው ልጄ፣ ደህና?»

«ጨጓራዬን ነው እትዬ።»

«ተልባ ጠጣ። ቡና ተው።»

እሺ ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው እስኪሄዱ ጠብቄ ወደ ምክርና ምርመራ ክፍል ገባሁ።

ጠረጴዛው ጀርባ ፀጉራቸው የሸበተ ሲስተር ተቀምጠዋል። ጥጥ፣ አልኮል፣ የጣት መውጊያ፣ ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ቢጫ ካርቶን። ግድግዳው ላይ ድሮ የማውቀው ዓይነት አስፈሪ ፖስተር የለም። ነፍሰ ጡር ሴትና ባሏ እየሳቁ የሚታዩበት ነው።

«ምን ልርዳህ?»

«ምርመራ ፈልጌ ነበር።»

«ምን ተፈጠረ?»

«ያው... ከአንዲት ልጅ ጋር... እንትን...»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እንትን የሚባል ነገር መዝገቤ ላይ የለም» አሉኝ። አልተቆጡም። ሥራ የበዛበት ሰው እንደሚናገረው ነው የተናገሩት። «ምን ምንን ነካ? እሱን ንገረኝ።»

ከዚያ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ብልት ብልት ውስጥ ገብቷል? አይ። አፍ ብልት ነክቷል? አይ። የሷ ፈሳሽ ወይም ደም ቁስል ላይ አርፎብሃል? አይ። መርፌ ወይም ምላጭ ተጋርታችኋል? አይ። እኔ እንደ ተማሪ አይ፣ አይ እላለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያስጨነቀኝ ነገር እዚያች ክፍል ውስጥ የአራት መስመር ጉዳይ ሆነ። ደግሞ እነዚህን ቃላት ከእናቴ እኩያ ፊት ስሰማ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። አልሞትኩም። ቶሎ አለቀ።

የቁስሏን ነገር ነገርኳቸው። ከንፈሯ ጥግ፣ ደረቅ፣ ትንሽ።

«ምች ናታ» አሉ።

«ምች?»

«ልጅ ሆነህ ምች ወጥቶብህ አያውቅም? እናትህ ዳማከሴ አሽታ አልቀባችህም?»

«ቀብታኛለች።»

«እንግዲያው አንተም አለህ። የሷ አንተን ሊያስፈራህ አይገባም።»

ከንፈር ላይ የሚወጣው ምች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ሄርፒስ አንድ ከሚባለው ቫይረስ ነው። አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ይደበቅና ፀሐይ፣ ትኩሳት ወይም ድካም ሲያገኝ ብቅ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ዕድሜው ከ50 ዓመት በታች ከሆነው የዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛው ገደማ አለበት። ቁስሉ እያለ መሳም እንደሚያስተላልፍ፣ በአፍ ግንኙነት ደግሞ ብልት ላይም ሊወጣ እንደሚችል ነገሩኝ። ስለዚህ ቁስሉ እስኪድን መታገሥ ደግ ነው። በሽታው ይህ ነው። ሦስት ቀን የጥምቀት ፀሐይ ላይ የዋለች ልጅ ከንፈሯ ላይ ምች ቢወጣ ምን ይገርማል?

«የዚያ ማታው ነገር ለኤች አይ ቪ የሚያስመረምርህ አይደለም» አሉኝ። ኮንዶም የተቀደደበት ወይም የተደፈረ ሰው ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነው። ያኔ ሰዓት ይቆጠራል። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቢቻል በዚያው ቀን፣ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት፤ ሐኪሙ ካመነበት ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። ይህን የማያውቅ ሰው ቤቱ ተቀምጦ ሲያለቅስ ሰዓቱ ያልፈዋል አሉ። እኔ ስንት ቀን ቤቴ ተቀምጬ አንገቴን እንደዳበስኩ አልነገርኳቸውም።

ቀለል አለኝ። ተነሣሁ።

«ወዴት ነው? ቁጭ በል እንጂ» አሉኝ። «ለምርመራ ነው የመጣኸው፤ እንመረምርሃለን። ግን ስለ ምን እንደምንመረምርህ እንወቅ። አሁን ጣትህን ብወጋህ ውጤቱ ስለ ጥምቀት አይነግረኝም። ይሄ ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት የሚሠራውን ነው። ያ እስኪታይ እስከ 90 ቀን ሊወስድ ይችላል። ዛሬ የማገኘው ውጤት የሚያስረዳኝ ከሦስት ወር በፊት ስለነበረው ነው። ከዚያ በፊትስ ምን ነበረ?»

ይህን ጥያቄ አልጠበቅኩትም።

«ፍቅረኛ ነበረችኝ። ከተለያየን ዓመት አልፎናል።»

«ኮንዶም?»

«መጀመሪያ ላይ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ተማመንን።»

«ተመርምራችሁ ነው የተማመናችሁት?»

ዝም አልኩ። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ስለ ልጅቷ ማስረዳት ጀመርኩ። ቤተሰቧን፣ ሰንበት ትምህርት ቤት መዘመሯን፣ ከሥራ ወደ ቤት ከቤት ወደ ሥራ መሆኗን። እሷን የመሰለች ልጅ... አላስጨረሱኝም።

«ስለ ልጅቷ አልጠየቅኩህም» አሉ። «የጠየቅኩህ ስለ ኮንዶሙ ነው።»

ጣቴን በአልኮል ጠረጉ። መውጊያዋ ጠቅ አለች። አንዲት ጠብታ ደም ነጯ መመርመሪያ ላይ አረፈች፣ ከትንሽ ብልቃጥ ፈሳሽ ጨመሩባት፣ ሰዓቱን በእስክሪብቶ ጻፉባት። ደሙ እየተሳበ ቀይ ጭጋግ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ይታየኛል። «ውጭ ጠብቅ» አሉኝ።

ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የገረመኝ ይህ ነው። አልፈራሁም። ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስፈራኝ የሚገባ ነገር ፊቴ ተቀምጧል። ሁለት ዓመት ገደማ፣ ያለ ኮንዶም፣ ሁለታችንም ሳንመረመር። ከሁለታችንም በፊት ደግሞ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። ልቤ ግን ጸጥ ብሏል። አንገቴን ለመዳበስ እንኳን እጄ አልተነሣም። ያቺ የአንድ ማታ ልጅ፣ ምንም ያልተደረገባት ማታ፣ ስንት ሌሊት ነሥታኛለች። ይቺኛዋ አንዲት ሌሊት ነሥታኝ አታውቅም። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ይህን ይሆን?

ለምን እንዲህ እንደሆነ እዚያው ተቀምጬ ሳስብ ያገኘሁት መልስ ደስ አይልም። ፍርሃቴን የቀሰቀሰችው ቁስሏ አልነበረችም። ለአዝማሪው ግጥም መመለሷ ነው። ቢራ ይዛ መሳቋ ነው። ባወቅኳት ማታ ቤቴ መምጣቷ ነው። እኔም እኮ ባወቅኳት ማታ ቤቴ ይዣት የሄድኩ ሰው ነኝ፤ እሱን አልቆጠርኩትም። ነውር የሚመስለኝን ሁሉ ደምሬ አደጋ ብዬ ጠራሁት። እሷ ደግሞ ኮንዶም ከሌለ ይቅር ያለች ብቸኛዋ ሰው ነበረች።

ውጤቱ አንድ መስመር ነው። የመቆጣጠሪያው መስመር ብቻ። «ነጻ ነህ» አሉኝ። የቂጥኙም እንደዚያው። ቂጥኝ ቁስሉ ሳያም ወጥቶ ሊጠፋ፣ ከዚያ ለዓመታት ደም ውስጥ ሊደበቅ የሚችል ነው፤ ከተገኘ ግን በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። ጨብጥን በጣት ደም ማወቅ አይቻልም፤ ማቃጠል ወይም ፈሳሽ ካየህ ቶሎ ና፣ ብዙ ሰው ላይ በተለይም ሴት ላይ ምንም ምልክት ላያሳይም ይችላል አሉ። በመጨረሻ የጉበት ቫይረስ ክትባት ወስደህ ታውቃለህ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልወሰድኩም። ሄፓታይተስ ቢ ከኤች አይ ቪ ከ50 እስከ 100 እጥፍ ይተላለፋል። በግንኙነትም፣ በደምም፣ በተጋሩት ምላጭም። ለሕፃናት በሚሰጠው ክትባት ውስጥ የገባው በ1999 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ እኔን የመሰለ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው ብዙውን ጊዜ አልተከተበም። ሦስት ጊዜ ተወግቶ ይገላገላል። እኔ ኤች አይ ቪን ስፈራ ስሟን እንኳን አስቤያት አላውቅም።

ማን ናት?

ከዚያ በኋላ ነገሩን ለጥቂት ጓደኞቼ አወራኋቸው። ያለቀ ነገር ስለሆነ እየሳቅኩ ነው የማወራው። ሁሉም የሚጠይቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው። «ማን ናት?» ቀጥሎ «የት ነው የምትሠራው?» ይመጣል። አንዱ ምን ዓይነት ልብስ ለብሳ እንደነበር ጠየቀኝ። ሌላው፣ ራሱ የተማረ ሰው፣ «እንደሷ ዓይነቷን በዓይን ታውቃታለህ እኮ» አለኝ። ምን እንዳደረግን የጠየቀኝ የለም።

ሲስተር ስሟን አልጠየቁኝም። ዕድሜዋን፣ ሥራዋን፣ ሰፈሯን አልጠየቁኝም። በሥነ ሥርዓት ብቻ የተውት አይመስለኝም። ለሥራቸው የማይጠቅም መረጃ ነበር። ቫይረሱ ዘመድ አይጠይቅም፣ ምስክር ወረቀት አያይም። የሚያውቀው አንድ ነገር ነው፤ የትኛው ፈሳሽ የትኛውን የሰውነት ክፍል እንደነካ።

ይህ የ«ማን ናት» ነገር የሚጎዳን ሁለት ጊዜ ነው። ባንድ በኩል ምንም ያላደረገ ሰው ሌሊቱን አንገቱን ሲዳብስ ያድራል። በሌላ በኩል ደግሞ «ጨዋ» ከተባለ ሰው ጋር ኮንዶሙ በሁለተኛው ወር ይቀራል። ስለ ምርመራ ማንሣት ስድብ ይሆናል። «አታምነኝም እንዴ?» የሚለውን የሚደፍር ማን ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። እዚህ ላይ ግን የሚደበቀው በሽታው ብቻ አይደለም። ጥያቄውም ነው።

ሌላም አለ። አንድ ሰው «ቫይረሱ አለብኝ፣ መድኃኒቴን በትክክል እወስዳለሁ፣ በምርመራ አይታይም» ቢለን ብዙዎቻችን እንሸሸዋለን። ያ ሰው ግን በግንኙነት አያስተላልፍም። ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ እስከቆየ ድረስ ይህ የተረጋገጠ ነው። ተመርምሮ የማያውቀውን ሰው ግን በደስታ እናቅፋለን። ጤነኛ ይመስላል፣ ወፍራም ነው፣ መኪና አለው። ድሮ ሰፈራችን ከሲታውን ሰው በዓይኑ ይመረምር ነበር። ዛሬም ላብራቶሪያችን ያው ዓይናችን ነው።

ውጤቱን ካገኘሁ በኋላ ለድሮ ፍቅረኛዬ ደወልኩ። ደፍሬ አይደለም። ሲስተር «እሷም ብትመረመር ጥሩ ነው፣ ንገራት» ስላሉኝ ነው። ከተለያየን ጀምሮ ለበዓል መልእክት እንላላካለን እንጂ አናወራም። ሰላምታው ረዘመ። ስለ እናቷ ጠየቅኩ፣ ስለ እናቴ ጠየቀች። ከዚያ አንድ ነገር ልንገርሽ ብዬ ጀመርኩ።

«ተመርምሬ ነበር» አልኳት። «ነጻ ነኝ። ግን አንቺም...»

«እኔ ተመርምሬያለሁ» አለችኝ። «ላገባ ነው። ወረቀት ካላመጣችሁ አናጋባም አሉን፤ ቤተ ክርስቲያን እንደምታውቀው ነው።»

እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት። ከልቤ ነው።

«ወረቀቱን እስካገኝ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም» አለች።

«ለምን? አንቺ ምን...»

«ባንተ ምክንያት ነዋ! ከኔ በፊት ከማን ጋር እንደነበርክ አውቃለሁ እንዴ? ኮንዶሙን ይቅር ያልከው አንተ ነህ። ደግሞ አንገቴ ላይ እብጠት ነበረኝ፤ ስነካካው ነው የባሰብኝ።»

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ሌሊት እኔ ራሴ የሰው ፍርሃት ልሆን እንደምችል አስቤ አላውቅም ነበር። ለሷ እኔ አንዱ የማይታወቅ ሰው ነኝ። ለዚያች ለጥምቀቷ ልጅም እንደዚያው። ምናልባት እሷም በማግስቱ የኔን ፊት እያስታወሰች ቁስል ስትፈልግ ውላ ይሆናል።

«ውጤቴን ሳይ መጀመሪያ ያሰብኩት ምን መሰለህ?» አለችኝ። «ተመስገን፣ እሱም ነጻ ነው ብዬ ነው።»

«እንደዚያ አይደለም እኮ» አልኳት። «አንዱ ነጻ ሆኖ ሌላው ላይ ሊኖር ይችላል። ሁልጊዜ አይተላለፍም። ያንቺ ውጤት ያንቺ ብቻ ነው። የባልሽም የራሱ ነው፣ እሱም ለብቻው...»

«እሱማ ቀድሞኝ ነው የተመረመረው። ደግሞ አንተ ከመቼ ጀምሮ ነው ሐኪም የሆንከው?»

«ከጥምቀት ጀምሮ።»

ሳቀች። ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ካርዱን በቴሌግራም እልክልሃለሁ አለች። የጉበቱን ክትባት ነገር ነገርኳት። እሷም ወስዳው አታውቅም። ጤና ጣቢያው የት እንደሆነ፣ ጠዋት ስንት ሰዓት ላይ ሰልፉ እንደሚያጥር አስረዳኋት።